ጸጉረ ልውጡ ማነው? ከአፈርሳታ እስከ ሰፈር ጥበቃ

«ጸጉረ ልውጥ ሲያዩ ለፖሊስ ይጠቁሙ!» ይህቺን ዓረፍተ ነገር ያልሰማ ኢትዮጵያዊ አለ? በሬዲዮ ሰምተናታል፣ በቀበሌ ስብሰባ ሰምተናታል፣ በግድግዳ ላይ ተለጥፋ አንብበናታል። መንግሥት ይቀያየራል፣ እሷ ግን አትቀየርም። ቃሉን ረጋ ብሎ ላየው ግን ጉድ ያለበት ነው። ጸጉሩ ከማን የተለየ? ማን ነው ከማን ጋር አወዳድሮ «ይሄ የእኛ አይደለም» የሚለው? ሰፈሩን የሚጠብቅ ሰው መጀመሪያ የሚያጋጥመው ጥያቄ ይሄው ነው፤ ስለ ሌባው ከማሰቡ በፊት ሰፈርተኛው ማን እንደሆነ መወሰን አለበት።

ይህን ሁሉ ያነሳነው በየከተማው ደጋግሞ ስለሚነሳው ስለ አንድ ሐሳብ ለማውራት ነው። የሰፈሩ ወጣቶች ተሰባስበው፣ ከፖሊስ ጋር ተነጋግረው፣ ሌሊት በየተራ ቢዞሩስ? አዲስ አበባ ላይ ብዙ ተብሎበታል። እኛ ግን ወደ አርሲ ደጋ ወጣ ብለን፣ ጢቾ ላይ ቆመን ነገሩን ብናየው ይሻላል ብለናል። ስለ አርሲ የተጻፈ ነገር ስታነቡ አሰላን ታገኛላችሁ፤ በ1967 እ.ኤ.አ የተጀመረውን የስዊድኖች «ካዱ»ን ታገኛላችሁ፤ ስንዴና ትራክተር ታገኛላችሁ። ጢቾ ብዙውን ጊዜ በግርጌ ማስታወሻ ነው የምትመጣው። የሚገርመው ግን አርሲ በንጉሡ ዘመን በሦስት አውራጃ ስትከፈል (ጭላሎ፣ አርባ ጉጉ፣ ጢቾ) ለአንዱ ስሟን የሰጠችው እሷ ነበረች። ወደ ደቡብ ሲወርዱ ዋቤ ሸበሌ፣ ከወንዙ ማዶ ባሌ። ገብስና ከብት ያለበት፣ ፈረስ የሚወደድበት፣ ፖሊስ ከሚደርስበት ሌባ ቀድሞ የሚደርስበት አገር። በእንዲህ ያለ ቦታ «ሰፈራችንን እንጠብቅ» ማለት የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም፤ አንድ በሬ ጠፋ ማለት የአንድ ቤት የዓመት እርሻ ጠፋ ማለት ነው።

ብዙዎቻችን የሰፈር ጥበቃ ቡድን የሚባለውን ነገር የምናውቀው ከፈረንጅ ፊልም ነው። ቢጫ ሰሌዳ፣ የእጅ ባትሪ፣ በመስኮት አጮልቃ የምታይ ባልቴት። እውነትም በአሜሪካ የብሔራዊ ሸሪፎች ማኅበር በ1972 እ.ኤ.አ በአገር ደረጃ ጀምሮታል፤ እንግሊዝ ደግሞ በ1982 እ.ኤ.አ ቼሺር ውስጥ ሞሊንግተን በምትባል መንደር። ግን ጎረቤትን በጎረቤት ማስጠበቅ ለእኛ አገር ከውጭ የመጣ ዕቃ አይደለም። እንዲያውም ከልክ በላይ የምናውቀው ነገር ነው።

አፈርሳታን እንውሰድ። አውጫጭኝም ይባላል። ጎጆ ተቃጠለ፣ ከብት ተነዳ፣ ሰው ተገደለ፣ አድራጊው ግን አልታወቀም እንበል። አዋጅ ይነገራል፤ የአገሩ ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ። እያንዳንዱ ሰው እየማለ ያየውንና የሰማውን ይናገራል፤ ምንም አላየሁም የሚልም ምሎ ነው የሚለው። ሌባው እስኪወጣ ድረስ መበተን የለም። እርሻ ይጠብቃል፣ ከብት ይጮኻል፣ ልጅ ያለቅሳል፣ አገሩ ሜዳ ላይ ተቀምጧል። በአደባባይ መናገር የፈራ ሰው በምስጢር ለሽማግሌዎቹ ሹክ ይላል፤ ይህን ምስጢር ነጋሪ «ወፍ» ይሉታል። (ዛሬም ወሬ ከየት እንደሰማን መናገር ሳንፈልግ «ወፍ ነገረችኝ» የምንለው እንዲሁ አይደለም።) በመጨረሻ ሌባው ካልተገኘ ደግሞ አገሩ ተከፋፍሎ የጠፋውን ይከፍላል።

እስቲ አስቡት፤ ነገሩ ብልህነት አለው። ፖሊስ በሌለበት፣ መርማሪ በሌለበት፣ መንገድ በሌለበት ዘመን ምስክር ከየት ይመጣል? ከጎረቤት ነው እንጂ። ጎረቤት ደግሞ ካልተገደደ አይናገርም፤ ስለዚህ ዝምታውን ዋጋ አስከፈሉት። ያላየም ያየም እኩል ስለሚከፍል፣ ያየው ሰው ዝም ቢል ጎረቤቶቹ አይለቁትም። የአፈርሳታ ሞተሩ ይሄ ነው። እንከኑም ይሄው ነው፤ ንጹሑ ሰው የሚቀጣው ባላደረገው ነገር ነው። ላይ ከተማም ታች ቀበሌም ዘመድ የሌለው፣ ከሌላ አገር የመጣ፣ የዕደ ጥበብ ሥራ ስለሚሠራ የሚናቅ ሰው በእንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ሲቀመጥ ዓይን ሁሉ ወዴት እንደሚዞር ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ ጽፎ በሃይነማን የአፍሪካ ጸሐፍት ተከታታይ ያሳተመው ልብ ወለድ ርዕሱ «አፈርሳታ» ነው፤ በጉራጌ መንደር አንድ ጎጆ ተቃጥሎ አገሩ ለምርመራ ሲሰበሰብ ያሳያል። ያላነበባችሁት ፈልጋችሁ አንብቡት።

ከአፈርሳታ የባሰም ነበር። ሌባ ሻይ። አንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መጠጥ ይጠጣና ወገቡን በገመድ ታስሮ በሰፈሩ ይለቀቃል። እየተንገዳገደ ሄዶ የገባበት ቤት ወይም የወደቀበት ሰው፣ ሌባው እሱ ነው! ይግባኝ የለም፣ ማስረጃ የለም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት መንግሥት ከለከለው፤ ደግ አደረገ።

አርሲ እነዚህን ሥርዓቶች የተቀበለችው ከላይ ነው። በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ በራስ ዳርጌ የተመራው ጦር አርሲን ከምኒልክ ግዛት ጋር ከቀላቀለ በኋላ የመጣው አስተዳደር ግብሩንም ችሎቱንም ይዞ ነው የመጣው። አርሲዎች ግን የራሳቸው ነበራቸው። ደም ሲፈስ ጉማ አለ፤ ገዳይ ወገን ለሟች ወገን ካሣ ከፍሎ ቂም የሚቆምበት። የአገር ሽማግሌ የሚያስታርቅበት ጃርሱማ አለ። ሲንቄ አለ። ሲንቄ አንዲት የአርሲ ሴት ስታገባ የምትይዘው ቀጭን በትር ነው፤ ጠብ ሲነሳ ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው በሁለቱ ወገን መካከል ከቆሙ ወንዶቹ ያንን አልፈው መማታት ነውር ነው። እንግዲህ ያለ ጠመንጃና ያለ ዩኒፎርም ጸጥታ ማስከበር ማለት ይሄ አይደለም እንዴ? ዛሬ የሰፈር ጥበቃ ሲታሰብ ዱላ የያዙ ጎረምሶች ብቻ የሚታዩን ለምን እንደሆነ አይገባንም። ሌሊት ኡኡ የምትለው ብዙ ጊዜ ሴት ናት፤ ቡድኑ ሲቋቋም ግን ስብሰባው ላይ የለችም።

ዘመናዊው ሕግ ቀስ እያለ መጣ። ከጣልያን መውጣት በኋላ በ1942 እ.ኤ.አ የፖሊስ ኃይል በአዋጅ ቁጥር 6 በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር ተደራጀ። በ1947 እ.ኤ.አ የአጥቢያ ዳኞች አዋጅ ወጣ፤ አጥቢያ ዳኛው እስከ 25 ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክርክር ያያል፣ በወንጀል እስከ 15 ብር ይቀጣል። ትንሽ ሥልጣን ናት፤ ለገበሬው ግን በእግሩ ሄዶ የሚያገኘው መንግሥት እሱ ነበር። ከዚያ በ1948 ዓ.ም የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንዲት አጭር ነገር አለ፦ ቅጣት የግል ነው። ማንም ሰው ራሱ ባልሠራው ወንጀል አይቀጣም። በዚህች አንቀጽ የአፈርሳታ እግሩ ተመታ፤ በወረቀት ላይ ማለታችን ነው። በገጠሩ አውጫጭኙ ከዚያ በኋላም ዕድሜ ነበረው፤ ሕግ አዲስ አበባ ሲጻፍና ጢቾ ሲደርስ መካከሉ ብዙ ወንዝ ነው።

የ1954 ዓ.ም የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን ለጎረቤት በሩን ፈጽሞ አልዘጋም። እጅ ከፍንጅ የተያዘ ወንጀለኛን፣ ወንጀሉ ቢያንስ የሦስት ወር ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ፣ ፖሊስ ብቻ ሳይሆን ማንኛውም ሰው ያለ መጥሪያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊይዘው ይችላል አለ። ወንጀል አድርጎ ሲሸሽ ሕዝብ እየተከተለው ያለውን፣ ኡኡታ የተነሳበትንም እንደ እጅ ከፍንጅ ቆጠረው። ኡኡታ በሕግ! «ኡኡ ያገር ያለህ!» የሚለው ጩኸት የሕግ ትርጉም አገኘ ማለት ነው። እንግሊዞችም ይህ ነገር ነበራቸው፤ በ1285 እ.ኤ.አ የወጣው የዊንቸስተር ሕጋቸው ጩኸት የሰማ ሁሉ ሌባውን እንዲያባርር ያዝዛል፤ ሌባው ካልተያዘ ደግሞ አካባቢው ተጠያቂ ይሆናል። አፈርሳታ በብርድ አገር ማለት ነው! የእኛ ሥነ ሥርዓት ሕግ ታዲያ አንድ ልጓም አበጀ። ሰው የያዘ ሰው ሳይዘገይ በአቅራቢያው ላለ ፖሊስ ጣቢያ ማስረከብ አለበት። መያዝ ትችላለህ፣ መዳኘት አትችልም። መምታትማ ከናካቴው።

በዚያው ዘመን በገጠሩ ሌላም ጠባቂ ነበር፤ ነጭ ለባሽ። ደመወዝ የሌለው፣ የራሱን ጠመንጃ የያዘ፣ ሽፍታ ሲነሳ «ውጣ» የሚባል የአገር ሰው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ ከዋቤ ማዶ ባሌ ውስጥ ገበሬው በነዋቆ ጉቱ መሪነት ሲያምፅ መንግሥት ከጦሩ ጎን ነጭ ለባሽ አሰለፈ። የባሌውን ዓመፅ ታሪክ ለሌላ ቀን እናቆየው። ለጉዳያችን የሚበቃው ይሄ ነው፦ ሌባ እንዲያባርር የታጠቀ ጎረቤት፣ መንግሥት ሲጨንቀው በሌላ ጎረቤቱ ላይ ይዘምታል። ሽፍታው ማን እንደሆነ የሚወስነው ደግሞ እሱ አይደለም።

ከተሞች ውስጥ እድር ነበረ። እድር ሬሳ ከማንሳት አልፎ በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት ወደ ሰፈር ልማት ገብቶ ነበር፤ መንገድ ማስጠረግ፣ ዘበኛ መቅጠር። እኛ ለእድር ልባችን ይደላል፤ አንድ ቀላል ምክንያት አለን። እድር መዝገብ አለው። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ገንዘቡ የት ገባ፣ ሁሉም ተጽፎ ይነበባል። ሊቀመንበሩ ያጠፋ እንደሆነ ይሻራል፤ ደግሞ ማንም ስለ ሻረው አይታሰርም። በዚህ አገር እንዲህ ያለ ተቋም ስንት አለን?

ከዚያ አብዮት። ሐምሌ 1967 ዓ.ም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌ ተወለደ፤ ታኅሣሥ 1968 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 71 ደግሞ ለገበሬ ማኅበራት የራሳቸውን ፍርድ ሸንጎና የጥበቃ ጓድ ሰጣቸው። በመስከረም 1969 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 104 የከተማውን ቀበሌ አጠናከረ። እውነቱን ለመናገር በወረቀት ላይ ስታዩት የሚያምር ነገር ነው። ዳኛው ጎረቤትህ፣ ጠባቂው ጎረቤትህ። ጭሰኛ ለነበረ ሰው፣ በተለይ እንደ አርሲ ባለ አገር፣ የትናንት ባለርስት ሳይሆን የራሱ ሰው ሲዳኘው ቀላል ለውጥ አልነበረም። ይህን መካድ አይቻልም።

ግን አብዮት ጥበቃ ጠመንጃ ተሰጠው። ሮንድ ግዴታ ሆነ፤ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ በሌሊት የሚሄድ ሰው ይለፍ መያዝ ነበረበት። መጋቢት 1969 ዓ.ም አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት አሰሳ ሲካሄድ በር የሚያንኳኩት ከየት የመጡ ወታደሮች ብቻ አልነበሩም፤ ማን ቤት ማን እንደሚገባ የሚያውቁ የቀበሌው ሰዎች አብረው ነበሩ። ጸጉረ ልውጥ ማለት ያን ጊዜ ከክፍለ ሀገር የመጣ የአክስት ልጅ ነው፤ የኪራይ ቤት የቀየረ ተማሪ ነው። በአራት ኪሎ አካባቢ የቀበሌ ሊቀመንበር የነበረው ግርማ ከበደ ብዙ ሰው አስገደለ፤ ከነዚያ መካከል አንዲት ነፍሰ ጡር የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ደርግ ራሱ እንኳ አፍሮ በዚያው ዓመት ረሸነው። እሱን ረሸነ እንጂ እሱን ያፈራውን ሥልጣን አልነካም፤ ቀይ ሽብሩ ከዚያ በኋላ ነው የከፋው። በየቤታችን ስለዚያ ዘመን የሚወራውን አድምጡ። ብዙ እናቶች የሚሉት «መንግሥት ገደለብኝ» አይደለም። የጎረቤታቸውን ስም ነው የሚጠሩት።

ታዲያ ዛሬ «የሰፈር ጥበቃ እናቋቁም» ሲባል አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን ቢያጠቁሩ ኋላ ቀር ስለሆኑ አይደለም።

ከ1983 ዓ.ም በኋላ ስሙ ተለወጠ። መጀመሪያ የሰላምና የመረጋጋት ኮሚቴ መጣ። በኦሮሚያ ደግሞ፣ አርሲንም ጨምሮ፣ ቀበሌው ወደ ጎጥና ጋሬ ተከፋፈለ። ጋሬ ወደ 30 አባወራ የሚይዝ ነው፤ ዓላማው ልማት ነው ተባለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በግንቦት 2005 እ.ኤ.አ ስለ ኦሮሚያ ባወጣው ሪፖርት ግን የጋሬ መሪዎች የአባሎቻቸውን ንግግርና እንግዳ ሲከታተሉ፣ ለስብሰባና ለጉልበት ሥራ ያልወጣውን ሲያስቀጡ እንደነበር ዘረዘረ። ሜዳው የለም እንጂ የቀረ ይቀጣል የምትለዋ ሕግ አለች። ወፏም አለች።

ይህን ሁሉ አውርተን ስናበቃ «እንግዲያውስ ይቅር» የምንል የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። የሠራ ነገርም አለ። ማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ የሚባለው አሠራር በአማራ ክልል በሰፊው ሲዘረጋ በየቀበሌው ፖሊስ ተመደበ፤ ከነዋሪው የተውጣጣ የምክክር ኮሚቴ ተቋቋመ፤ የቤተሰብ ፖሊስ የሚባል ነገር መጣ። የለንደኑ የባሕር ማዶ ልማት ተቋም በ2013 እ.ኤ.አ ባወጣው ጥናት ነዋሪዎች ደኅንነታቸው እንደተሻሻለ ሲናገሩ፣ ያው አሠራር ደግሞ የመንግሥት ዓይን እስከ ጓዳ እንዲገባ ማድረጉም ተነስቷል። ሁለቱም እውነት ነው። አንድ ገበሬ በሬው ሲጠፋ አሥር ኪሎ ሜትር ከመሄድ ቀበሌው ውስጥ ፖሊስ ቢያገኝ ይወዳል። ማን አይወድም? የደም ጥል ሳይጋጋል በሽማግሌ ተይዞ ሲበርድ፣ ፖሊሱም አብሮ ቁጭ ሲል፣ ያ ትልቅ ነገር ነው።

ቅርብ ጊዜ ወደሆነው እንምጣ። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም፣ ጦርነቱ ወደ መሀል አገር ሲቃረብ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የአዲስ አበባ አስተዳደርም ነዋሪው መሣሪያውን እንዲያስመዘግብና ተደራጅቶ ሰፈሩን እንዲጠብቅ ጠራ። ወጣቱ ዱላ ይዞ ወጣ፤ መታወቂያ ጠየቀ። ብዙው በቅን ልብ ነው የወጣው፤ ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ልጆች ናቸው። ግን መታወቂያው ላይ የሚነበበው ስም ነው፣ ስሙ ደግሞ ብሔር ይናገራል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን እስሩ ማንነትን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል በዚያው ሰሞን አስታወቀ። ጸጉረ ልውጥ የሚለው ቃል እንደገና ትርጉም ቀየረ፤ በዚህ ጊዜ በዚያው ሰፈር ተወልዶ ያደገ ሰውን ያዘ።

የእኛ ብቻ ጣጣ እንዳይመስላችሁ። በየካቲት 2012 እ.ኤ.አ ፍሎሪዳ ሳንፎርድ ውስጥ ትሬቨን ማርቲን የተባለ የ17 ዓመት ጥቁር ልጅ፣ መሣሪያ ሳይዝ፣ የሰፈር ጥበቃ በጎ ፈቃደኛ በሆነ በጆርጅ ዚመርማን ተተኮሰበትና ሞተ። ዚመርማን «አጠራጣሪ ሰው አየሁ» ብሎ ለፖሊስ ደውሎ ነበር። መከተል እንደማያስፈልግ በስልክ ተነግሮታል። ሽጉጥ ነበረው። በ2013 እ.ኤ.አ ነፃ ወጣ።

ስለዚህ ጢቾ ላይ እንዲህ ያለ ቡድን የሚያቋቁሙ ወጣቶች ካሉ፣ እኛ የምናየው ይህን ነው። ጠመንጃ አይግባበት፤ በዚህ ድርድር የለንም። አርሲ ውስጥ የታጠቀ ኃይል ሰላማዊ ሰው እንደገደለ እናውቃለን፤ በኅዳር 2016 ዓ.ም በሽርካ ወረዳ የሆነውን የረሳ የለም። እንዲያ ያለውን አደጋ ፉጨትና የእጅ ባትሪ አያቆመውም፤ ያ የመንግሥት ዕዳ ነው። መንግሥት ዕዳውን ወደ ሰፈር ልጆች ሲያስተላልፍ እሺ ማለት ነጭ ለባሽን መመለስ ነው። የሰፈር ቡድን የሚችለው ሌላውን ነው፦ የበሬ ሌባን፣ የሱቅ ሰባሪን፣ ከማታ ትምህርት የምትመለስ ልጅን የሚያስፈራራውን።

ፖሊሱ ደግሞ አለቃ ሆኖ ሳይሆን ተረካቢ ሆኖ ይግባ። ማለትም ቡድኑ የያዘውን ሰው በሰዓቱ ይረከባል፣ ይፈርማል፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ የሚለው የሕገ መንግሥቱ ሰዓትም ከዚያ መቁጠር ይጀምራል። ስለ ማን ምን እንደተናገረ፣ ማን ቤት ማን እንዳደረ ዝርዝር አቅርቡ ከተባለ ግን ያ ሌላ ሥራ ነው፤ ቡድኑ ያን ቀን ይበተን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ኦሮምኛ ተናጋሪውም አማርኛ ተናጋሪውም፣ ነባሩም ትናንት ቤት የተከራየውም ስሙ ተራው ላይ ይግባ። የተከራየውን ሰው ከማስጠበቅ አብሮ እንዲጠብቅ ማድረግ ይቀላል። ሴቶች ይግቡበት ስንልም ለቁጥር ማሟያ አይደለም፤ ሲንቄ የተያዘበት አገር ነው።

መዝገብ ይኑር። ሰዓት፣ ቦታ፣ ምን ታየ፣ ማን ተያዘ፣ ለየትኛው ፖሊስ ተሰጠ፣ በአካሉ ላይ ጉዳት ነበረ ወይስ አልነበረም፣ ማን ፈረመ። ሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ፖሊስ ጣቢያ፣ አንዱ እድሩ ጋ። ወር በገባ በመጀመሪያው የእድር ስብሰባ፣ ከክፍያው ቀጥሎ፣ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበብ። በወሩ የተያዘ ሰው ካለና ስብሰባው ላይ መገኘት ከፈለገም ወንበር ይሰጠው።